የግራ ጥግ

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከስመኘው ቪዲዮ ቤት፣
የማዳበሪያ መጋረጃ፣ ሦስት አግዳሚ፣ ጨለማና ሙቀት፣
አንድ አንድ ብር ከፍለን፣ ተጋፍተን በጉልበት፣
አውሬው ከውሃ ሲወጣ የጮህንበት ሌሊት፣
ትርንጎ በር ላይ ነበረች፣ ካርድ እየቀደደች፤
የስመኘው ልጅ ናትና ሁሉን በነጻ ያየች።

እኛ አንዴ ያየነውን እሷ አርባ ጊዜ አየችው፤
ክፍል አንድን በቃሏ፣ ክፍል ሁለትን በሕልሟ ያዘችው።
ሰው አርባ ጊዜ ሲያይ አውሬም ይሰለቸዋል፤
ዓይን ሥራ ሲፈታ ወደ ጥግ ይሄዳል።

«አውሬውን ተዉት» አለችን አንድ ቀን ስንወጣ፣
«ጥርስ ስትቆጥሩ ሌላው ከየት ይምጣ?
ክፍል አንድ፣ የዶክተሩ ጠረጴዛ፣ በስተግራ፣
ብርጭቆ ውስጥ አበባ አለች፣ ሐምራዊ፣ የምታበራ።
ክፍል ሁለት፣ ድልድዩ ሲናድ፣ ልጅቱ ስትሮጥ፣
ያቺው አበባ ናት ከጸጉሯ መሐል የምታፈጥጥ።
የግድግዳው ሰዓት በአራቱም ፊልም አራት ከሩብ ነው።
በመጀመሪያው የሞተው ዘበኛ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣
በሦስተኛው ያልፋል፣ ዳቦ በብብቱ ሸጉጦ፣ ታክሲ ጠርቶ።»

«ገንዘብ አጥሯቸው ነዋ!» አለ ይበልጣል እየሳቀ፣
«አንድ ሰው ለሁለት ሞት! ደሞዙስ ተጠየቀ?»

እሷ አልሳቀችም።

አንድ ማታ፣ ዓባይ ከሐይቁ ከሚለይበት፣
ሸንኮራ ስንመጥ ቆመን፣ ጉማሬ ጮኸ ድንገት።
ጣቷን አነሳች፦ አንድ... ሁለት... ሦስት... ከዚያ ዝም።
«ሰማችሁ? የአውሬው ድምፅ ነው፤ ልኩ አልተለወጠም።
ገልብጠው አጫወቱት፣ ብረት ደባለቁበት፤
ከሥሩ ግን ጉማሬ ነው፣ ያውም የፈራ፣ ውሃ የጠበበበት።»
የክንዴ ጠጉር ቆመ። ይበልጣል ሸንኮራውን ጣለ፤
ያን ማታ ማንም «ገንዘብ አጥሯቸው ነው» አላለ።

በማግስቱ አራተኛውን ከመሐል አቆመችልን።
ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጣቷ መስታወቱን ነክቷል።
«እግሩን እዩ። ልብስ ሰፊ የረሳው ክር አይደለም።
ሥር ነው። ከክፍል አንድ ጀምሮ እንደተጠመጠመበት አለ።
ሊበላን አልወጣም እኮ።
ታንቆ ነው የወጣው።
ሲሸሽ ከተማ መንገዱ ላይ ተገኘች፤ ይኸው ነው።»

«ታዲያ አውሬው ማነው?» አልኩ።
የግራውን ጥግ አሳየችኝ።

ክፍል አምስት አልመጣም። ስመኘው ቴሌቪዥኑን ሸጠ፤
ቪዲዮ ቤቱ ወደ ዓሣ መጥበሻ ተለወጠ።
ስንት ዓመት አለፈ። ከደንቢያ በኩል የመጣ
አስጋሪ፣ ከመረቡ ተጠላልፎ የወጣ
አንድ አበባ ለጌጥ ሰጠን፤ በብርጭቆ ውሃ ቆመች፤
ሐምራዊ ናት፣ ታምራለች፤ ከገንዘብ ሳጥኑ ግራ ተቀመጠች።

ትርንጎ ዓሣ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ቀጥ አለች።
ሎሚው ከሣህኑ ተንከባሎ ወደቀ። አላነሳችውም።
«ስንት ሰዓት ነው?» አለች።
ማንም አልመለሰላት፤ ሁሉም እየበላ ነበር።

ዛሬ ጣና ከወገብ በታች አጥንት ይበርዳል፤
እምቦጩን በእጅ እንነቅላለን፤ የተነቀለው ሲደርቅ ያልተነቀለው ይወልዳል።
ይበልጣል ሁለት ክረምት ጎትቶ ትከሻው ወለቀ፤
ያ አፉን ሞልቶ የሚስቀው ሳቅ ጉሮሮው ላይ ደረቀ።
ታንኳዎች አረንጓዴው ላይ ቆመዋል፣ ማሳ ላይ እንደተረሳ ሞፈር።
ትርንጎ ሥሩን በክንዷ ጠምጥማ ትጎትታለች፤
አንዳንዴ ቀና ትልና ዳር ዳሩን ታያለች።
ምን እንደምትፈልግ ጠይቄያት አላውቅም።
የምትመልስልኝን እፈራለሁ መሰለኝ።

ትናንት ሲመሽ ጉማሬ ጮኸ።
ጣቷን አነሳች፦ አንድ... ሁለት...
ሦስተኛውን ጠበቅን።
ውሃው ከቦቲ ጫማችን ውስጥ ሞቀ።
ጠበቅን።

እሷ ዓይኗ ግራ ነው፤
እኔ ግን፣ ይህን ሁሉ ሰምቼ፣ ይህን ሁሉ አውቄ፣
አሁንም መሐል መሐሉን ነው የማየው፣
ምናልባት አንድ ግዙፍ ነገር ከውሃው ይወጣ እንደሆነ።